ጫማው ይውጣ፣ ልጁ ይግባ

ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን፣ በዚህ ኅትመት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ስለ ብዝኃ ሕይወት፣ ስለ ኤችአይቪና ስለ መመረቂያ ጽሑፍ አሠራር ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። በትክክል ቦታው ይነገር ከተባለ ከአልጋ ሥር ነው የሚገኘው። የጫማ ሽታ።

ገና ከአሁኑ ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ምንም አይደለም፣ ሳቁ። ነገር ግን በዶርም ሕይወታችን ውስጥ እንደዚህ ጉዳይ ሁሉም የሚያወራበት፣ ማንም ግን ቁጭ ብሎ የማይነጋገርበት ነገር ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ጠብ ያስነሳል፤ ክፍል ያስቀይራል፤ ከፕሮክተር ጋር ያነታርካል፤ ቅጽል ስም ያወጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ነገር ደግሞ «ተራ ነገር ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም። በተለይ እኛ ባዮሎጂ የምንማር ሰዎች!

በእኔ አመለካከት በዶርም ያለው የጫማ ሽታ የሰው ጠባይ ችግር ሳይሆን የእርጥበትና የአየር ችግር ነው። ስለዚህ መፍትሔው ሰውን ማሸማቀቅ ሳይሆን ጫማን ማድረቅ ነው። ይህ ደግሞ አንድ ተማሪ ብቻውን የሚወጣው አይደለም። ክፍሉም፣ ሕንፃውም፣ ትምህርት ክፍሉም ድርሻ አላቸው። ለምን እንዲህ እንደምል ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሽታው ከየት ይመጣል?

በብዙዎቻችን ዘንድ «እግሩ ይሸታል» ማለት «አይታጠብም» ማለት ነው። ይህ አባባል ከተማርነው ጋር አይሄድም። በሁለቱ እግሮቻችን ላይ ወደ 250,000 የሚጠጉ የላብ ዕጢዎች አሉ። ውስጥ እግር በሰውነታችን ላይ የላብ ዕጢ እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከእነዚህ ዕጢዎች የሚወጣው ላብ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ጥቂት ጨውና ጥቂት አሚኖ አሲድ አለበት። ትኩስ ላብ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ሮጦ የመጣ ሰው ወዲያው ጫማውን ቢያወልቅ ከእግሩ የሚወጣው ሙቀት እንጂ ሽታ ብዙ አይደለም። ሽታው በኋላ ነው የሚመጣው።

ሽታውን የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የተባለው ባክቴሪያ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል። በመምህሩም፣ በተማሪውም፣ በቀን ሁለቴ በሚታጠበውም። ይህ ባክቴሪያ በላብ ውስጥ የሚገኘውን ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ሰባብሮ አይሶቫሌሪክ አሲድ የሚባል ነገር ይሠራል። ያ «ያረጀ አይብ» የምንለው ሽታ ይኸው አሲድ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ይህንኑ ካሳዩ በኋላ፣ ሽታው በበረታባቸው ሰዎች ውስጥ እግር ላይ ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ማግኘታቸውንም ጽፈዋል። ሌሎችም አሉ። የብሬቪባክቴሪየም ወገን የሆኑት ሚቴንታዮል የተባለ የሰልፈር ውሁድ ያወጣሉ። ካይቶኮከስ ሴደንታሪየስ የሚባለው ደግሞ የውስጥ እግርን ቆዳ እየቦረቦረ ትንንሽ ጉድጓዶች ያወጣበታል፤ ሽታውም ከሁሉ የከፋ ነው።

የእግርና የአይብ ዝምድና ለቀልድ ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ። ሊምበርገር የሚባለው ሽታው የታወቀ የአውሮፓ አይብ የሚበስለው በብሬቪባክቴሪየም ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ባርት ኖልስና ሩርድ ዴ ዮንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የባዮሎጂ ኢግ ኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው፣ ወባ አስተላላፊዋ ሴቷ አኖፊለስ ጋምቢዬ ወደ ሊምበርገር አይብ ሽታና ወደ ሰው እግር ሽታ እኩል እንደምትሳብ በማሳየታቸው ነው። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስም የዚችው ቡድን አባል ናት። ሽልማቱ ሰውን መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ ግን የሚያሳስብ ሥራ ለሠሩ የሚሰጥ ነው። የዛሬውም ርዕሴ እንደዚያው ነው።

ከዚህ ሁሉ ለክርክሬ የሚያስፈልገኝ አንድ ነጥብ ነው። ባክቴሪያ ለመራባት ምግብ፣ ሙቀት፣ ውኃና ጊዜ ይፈልጋል። ምግቡን፣ ማለትም ላቡንና የሞተውን ቆዳ፣ ፈጽመን ማጥፋት አንችልም። ሙቀቱ የገዛ ሰውነታችን ነው። ባክቴሪያውን ራሱን ከቆዳችን ጨርሰን ማጥፋት አንችልም፤ ቢቻልም አይጠቅመንም፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ቆዳችንን ከባሰ ጀርም የሚጠብቁ ናቸውና። በእጃችን የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ውኃውና ጊዜው። ጫማ ቶሎ ከደረቀ ፋብሪካው ይቆማል። እርጥብ ሆኖ ተዘግቶ ካደረ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመርት ያድራል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም። በካናዳና በሰሜን አውሮፓ የበረዶ ሆኪ የሚጫወቱ ሰዎች ጫማቸው ከሥሩ ብረት ያለው፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ጨዋታው በበረዶ ላይ ነው ብላችሁ እግራቸው አይልበውም እንዳትሉ፤ በደንብ ያልበዋል። ከጨዋታ በኋላ ጫማውን ከነላቡ ቦርሳ ውስጥ ከትተው ዚፑን ከዘጉት፣ በሚቀጥለው ልምምድ ቦርሳው ሲከፈት መላው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ያውቀዋል። እነሱ ዘንድ የሚሰጠው ምክር ምንድን ነው? ጫማውን ከቦርሳ አውጣ፣ ማሰሪያውን አላላ፣ የውስጥ ሶሉን ለይተህ አስጣ፣ ብረቱን ወልውል፣ አየር ባለበት አስቀምጥ። ገንዘብም ማሽንም ባላቸው አገሮች የመጀመሪያው መድኃኒት ይኸው ማድረቅ ነው። የእኛን ታኬታ ከእነሱ ጫማ የሚለየው ብረቱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

እኛ ምን እያደረግን ነው?

በየዶርሙ የምናያቸውን «መፍትሔዎች» አንድ በአንድ እንይ።

የመጀመሪያው ሽቶ ነው። ጫማው ውስጥ ሽቶ ወይም ዲዮድራንት ይነፋበታል። ሽቶው አሲዱን አያጠፋውም፤ አብሮት ይቀመጣል እንጂ። ውጤቱ ሽቶ የተቀባ አይብ ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሽቶው ያሸንፋል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተደባልቀው ይመጣሉ። ግም ለግም አብረህ አዝግም ይሏል ይሄ ነው።

ሁለተኛው ማጠብ ነው። ማጠብ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ከታጠበ በኋላ ነው። ስኒከሩን ማታ በኦሞ ዘፍዝፎ፣ አጥቦ፣ ጠዋት ክላስ ስላለ ገና ሳይደርቅ ማድረግ። አፉ ላይ ደረቅ ይመስላል፤ ጣቶች የሚገቡበት ጫፉ ግን ውኃ እንደያዘ ነው። ለባክቴሪያው ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። በግንቦትና በሰኔ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ አይደርቅም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ፌስታል ነው። «ሽታው እንዳይወጣ» ተብሎ ጫማው በፌስታል ተቋጥሮ ከአልጋ ሥር ይገባል ወይም ሎከር ውስጥ ይቆለፍበታል። እርግጥ ነው ሽታው ለጊዜው አይወጣም። ግን እርጥበቱም አይወጣም! በማግስቱ ቋጠሮው ሲፈታ ምን እንደሚሆን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መግለጽ አያስፈልግም።

አራተኛው በረኪና ነው። እዚህ ላይ ቀልዱን ትተን በቁም ነገር እንነጋገር። በረኪና የጫማን ጨርቅና ማጣበቂያ ያበላሻል፤ ቆዳንም ይጎዳል። አንዳንዱ ደግሞ «አቼቶም ጥሩ ነው» ሲባል ሰምቶ ሁለቱን ይቀላቅላል። በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን ጋዝ ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ነው። መስኮቱ በተዘጋ፣ ስምንት ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የኬሚስትሪ ጓደኞቻችንን ጠይቁ። ለእግር ሽታ ብሎ ሳንባ ማጣት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው?

የሚሠራው ቀላል ነው፤ ወጪውም ከአንድ ሻይ ብዙ አይበልጥም።

አንደኛ፣ ጫማው እንደወለቀ ማሰሪያውን መፍታት፣ ምላሱን ወደ ውጭ መሳብና የውስጥ ሶሉን አውጥቶ ለብቻ ማስጣት። ላቡን በብዛት ይዞ የሚያድረው የውስጥ ሶሉ ነው። ሶሉ ውስጥ እንዳለ ጫማ አይደርቅም።

ሁለተኛ፣ አሮጌ ጋዜጣ ወይም ያለቀለት ሃንዳውት ጨምድዶ እስከ ጫማው ጫፍ መጠቅጠቅ። ወረቀት ውኃ ይመጣል። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ያንን አውጥቶ በደረቅ መተካት ያስፈልጋል፤ እርጥቡን ወረቀት እዚያው ማሳደር ግን ጥቅሙን ያስቀረዋል። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የምንጥለው ሃንዳውት ስንት ጫማ እንደሚያደርቅ አስቡት።

ሦስተኛ፣ ጫማው ከደረቀ በኋላ ማታ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ውስጡ መነስነስና ጠዋት አራግፎ ማውጣት። እዚህ ላይ አሠራሩን ብናውቅ ጥሩ ነው። አይሶቫሌሪክ አሲድ የሚሸተን ተንኖ ወደ አፍንጫችን ስለሚመጣ ነው። ሶዳው ቤዝ ስለሆነ ከአሲዱ ጋር ተገናኝቶ ወደ ጨው ይለውጠዋል፤ ጨው ደግሞ አይተንም፤ ስለዚህ አይሸትም። ሽቶ ሽታን ይሸፍናል፣ ሶዳ ግን ሽታውን ራሱን ይለውጠዋል። ሆኖም ሶዳ ባክቴሪያውን በደንብ አይገድልም፤ ስለዚህ እርጥብ ጫማ ላይ ሶዳ መነስነስ የትም አያደርስም። ሶዳና አቼቶ ባንድ ላይ መጨመርም ሁለቱን እርስ በርስ ማጥፋት ነው፤ የሚቀረው አረፋ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ካልሲ። ናይለን ካልሲ ላብ አይመጥም፣ እግሩን በላብ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጥጥ ያለበት ይሻላል። ካልሲ በየቀኑ ይቀየራል፤ ከኳስ በኋላ ደግሞ ወዲያው ይቀየራል። ያለ ካልሲ ስኒከር ማድረግ ያምራል የምትሉ፣ ካልሲው ሊመጠው ይገባ የነበረው ላብ የት እንደሚሄድ አስቡ።

አምስተኛ፣ እግሩን ራሱን። በሳሙና ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል ያለውን ማድረቅ ከማጠቡ እኩል ነው። ጣቶች መካከል የሚያሳክክ ወይም የሚላጥ ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ውስጥ እግር ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ከታዩ ወይም ላቡ ያለ ምክንያት የሚንጠባጠብ ከሆነ ነገሩ ሕክምና ያለው በሽታ ነውና የተማሪዎች ክሊኒክ መሄድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ስድስተኛ፣ የሚቻለው ሰው ሁለት ጫማ ይቀያይር። አንድ ጫማ በደንብ ለመድረቅ አንድ ሙሉ ቀን ያህል ይፈልጋል። የማይቻለው ሰውስ? ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ልጨምር። «ፀሐይ ጀርም ይገድላል» እንላለን። ባክቴሪያን አጥብቆ የሚገድለው ዩቪሲ የሚባለው ጨረር በኦዞን ተይዞ ስለሚቀር ምድር አይደርስም። ከዚያም በላይ የፀሐይ ብርሃን ወደ ጫማው ጫፍ ውስጥ አይገባም። የፀሐይ ዋናው ጥቅሟ ማድረቋ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በሌለበት የክረምት ቀን እንኳ ነፋስ ካለ ጫማ ይደርቃል። «ፀሐይ የለም» ብሎ ወደ አልጋ ሥር መመለስ ምክንያት አይሆንም።

ሕንዶቹ ያሳዩን

ይህን ጉዳይ ለዩኒቨርሲቲ የማይመጥን አድርገው የሚያዩ መምህራን ካሉ፣ ቪካሽ ኩማርና ሳርታክ ሚታል የተባሉትን ሁለት ሕንዳውያን ሥራ እንዲያዩ እጋብዛለሁ። እነዚህ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ጫማዎች ከየክፍሉ በር ውጭ ተደርድረው ማየታቸው ጥያቄ ፈጠረባቸው። ቦታ ስለጠበበ ነው ወይስ ስለሚሸት? 149 ተማሪዎችን ጠየቁ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በራሳቸው ወይም በሌላ ሰው ጫማ ሽታ እንደተቸገሩ ተናገሩ። ከዚያም ከላይ የጠቀስኩትን ካይቶኮከስ ሴደንታሪየስ ዒላማ አድርገው የዩቪሲ መብራት ያለው የጫማ መደርደሪያ ሠርተው ሞከሩ። ጥቂት ደቂቃ በቂ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ጫማው እየጋለ የተቃጠለ ጎማ መሽተት ጀመረ። በ2025 እ.ኤ.አ. በምህንድስና ንድፍ ዘርፍ ኢግ ኖቤል ተሸለሙበት።

እኛ የዩቪሲ መብራት እንግዛ እያልኩ አይደለም። ያ ጨረር ለዓይንና ለቆዳ አደገኛ ስለሆነ በዘፈቀደ የሚያዝ አይደለም። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ተማሪዎቹ የሚኖሩበትን ኮሪደር አይተው ከኮሪደሩ ጥያቄ አወጡ፣ ጥያቄውንም «የማነው ጥፋቱ?» ሳይሆን «መደርደሪያው እንዴት ይሠራ?» አሉ። እኛ ዘንድ ግን መጀመሪያ የምንፈልገው ጥፋተኛውን ነው።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

«ይሄ የግል ንጽሕና ጉዳይ ነው፣ ትምህርት ክፍል ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። የግል ንጽሕና ውኃ ይፈልጋል። ቧንቧው በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት በሚደርቅበት ሕንፃ ውስጥ እግርህን ታጠብ ማለት ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ስምንት ሰው፣ አንድ መስኮት፣ ማስጫ ቦታ የሌለበት ክፍል። እዚህ ውስጥ የግል የሚባለው የትኛው ነው? አየሩ የጋራ ነው።

«ጫማ ውጭ ከተቀመጠ ይሰረቃላ!» ይህ ትልቁ ተቃውሞ ነው፣ እውነትም አለበት። ጫማችንን ከአልጋ ሥር የምንደብቀው ስንፍና ይዞን ሳይሆን ጠዋት ስንነሳ እንዳናጣው ፈርተን ነው። ስለዚህ «ጫማችሁን ውጭ አስጡ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ መለጠፍ ሞኝነት ነው። አየር የሚያስገባ ግን የሚቆለፍ ነገር ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ከጣውላና ከወንፊት ሽቦ የሚሠራ ነገር ነው።

«ያልታጠበ ሰው ይነገረው፣ ካልተነገረው እንዴት ያውቃል?» የሚሉም አሉ። እስማማለሁ፣ ይነገረው። ሰው የራሱን ሽታ አያውቅም፤ አፍንጫ አንድን ሽታ ደጋግሞ ሲያገኘው ይለምደዋልና። እንዲያውም አይሶቫሌሪክ አሲድን ጨርሶ ማሽተት የማይችሉ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ያልተነገረው ሰው እያወቀ የናቀን አይደለም። ግን አነጋገር አለው። ለብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጫማህን መስኮቱ ጋ እናስጣው» ብሎ መናገር አለ። ክፍሉ ሁሉ እየሰማ አፍንጫ ይዞ መጮኽ ደግሞ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሐፍረት ጫማ አያደርቅም

አንድ የቡድናችን ተጫዋች ነበር። ስሙን አልጠቅስም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁት ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ጥሩ ተከላካይ ነው። የነበረው አንድ ሸራ ጫማ ብቻ ነው። በሷ ክላስ ይገባል፣ በሷ ኳስ ይጫወታል፣ እሑድ በሷ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ «አይቤ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ከዶርም ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ክላስ ሄደ። የሌላ ክፍል ልጆች ጭምር ምክንያቱን ሳያውቁ «አይቤ» ይሉት ጀመር።

ልጁ ምን አደረገ? ጫማውን ማውለቅ አቆመ። ከጠዋት ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት እስኪዘጋ ድረስ ጫማውን እንዳደረገ ይቆያል። ሁሉም ሲተኛ ገብቶ በጨለማ ያወልቃል፣ በፌስታል ቋጥሮ ከራስጌው ያስቀምጣል፣ ጎህ ሳይቀድ መልሶ ያደርገዋል። አሁን ከላይ ያየነውን አስታውሱ። ምግብ፣ ሙቀት፣ ውኃ፣ ጊዜ። አሥራ ስምንት ሰዓት እግሩ ላይ፣ ስድስት ሰዓት ፌስታል ውስጥ። ስሙ ሽታውን አባባሰው እንጂ አልቀነሰውም። እኔን የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ሐፍረት ሰውን ያርማል ብለን እናስባለን፤ እዚህ ላይ ግን ሐፍረቱ ራሱ ለባክቴሪያው መጋቢ ሆነለት። በሁለተኛው ሴሚስተር ከቡድኑ ወጣ። ግሩፕ ስተዲም ቀረ። ጄኔቲክስ ያስረዳን የነበረ ልጅ ብቻውን ያጠና ጀመር።

በመጨረሻ ነገሩ የተፈታው እንዴት ነው? የአንድ ዶርም ልጅ አዋጥተን ጫማ እንግዛለት አለ፤ እሱ ግን እምቢ አለ፣ ኩራት አለውና። ሌላኛው የበለጠ ብልህ ነበር። ለክፍሉ ሁሉ አንድ ሕግ አወጣ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የስምንቱም ሰው ጫማ ይወልቃል፣ የስምንቱም የውስጥ ሶል ይወጣል፣ መስኮቱ ላይ ይሰጣል፣ ወረቀት ይጠቀጠቃል። ሁሉም በነጠላ ጫማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የማን ጫማ እንደሆነ መለየት ቀረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። የሚገርመው፣ ሽታው የአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረም የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ልጁ ግን ወደ ቡድኑ አልተመለሰም። ጫማ በሁለት ሳምንት ይደርቃል፤ የወጣ ስም ግን እንደዚያ አይደርቅም።

ይህን ከዶርም ውጭ አውጥተን እናስበው። በአገራችን ደጋማ፣ ቀይ አፈር ባለባቸው አካባቢዎች በባዶ እግር ለብዙ ዓመት በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት አለ። በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ከሚላቸው በሽታዎች አንዱ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን አለባቸው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው፤ የታመመውም እግሩን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ጫማ ካደረገ ሽታውም እብጠቱም ይቀንስለታል። ነገር ግን ብዙዎቹ በእግራቸው ሁኔታና ሽታ ምክንያት ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፣ ከሠርግና ከለቅሶ ይገለላሉ፣ ትዳር ይከለከላሉ። ስለሚያፍሩም ወደ ሕክምና ሳይመጡ ይቆያሉ። ያው ዑደት ነው። ሐፍረት፣ መደበቅ፣ መባባስ፣ እንደገና ሐፍረት።

ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ተመርቀው መምህር ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹ በጤና ሥራ ይገባሉ። በገጠር ትምህርት ቤት የኋላ ወንበር ላይ እግሩን ደብቆ የሚቀመጥ ልጅ ያጋጥመናል። ያን ጊዜ የምናደርገው ዛሬ በዶርማችን የለመድነውን ነው። እዚህ አፍንጫ መያዝ የለመደ ሰው እዚያ ሄዶ የእግር ንጽሕና ሊያስተምር አይችልም።

ምን ይደረግ?

ዝም ብሎ መተቸት ቀላል ስለሆነ የሚከተሉትን አራት ነገሮች አቀርባለሁ።

1. በየፎቁ ኮሪደር መጨረሻ ላይ፣ መስኮት ባለበት በኩል፣ በጣውላና በወንፊት ሽቦ የተሠራ፣ የሚቆለፍ የጫማ መደርደሪያ ይሠራ። ቁልፉ በየክፍሉ አንድ ይሁን። ለግቢው ወርክሾፕ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ትምህርት ክፍሉ ለአንድ ፎቅ ሙከራ ደብዳቤ ቢጽፍልን በቂ ነው።

2. ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በሚሰጠው ገለጻ ላይ ስለ እግርና ስለ ጫማ ግማሽ ሰዓት ይመደብ። ፍሬሽ ተማሪ ሎከርና የካፌ ሰዓት እንደሚነገረው ይህም ይነገረው። ያን ጊዜ ነገሩ የማንም ስም ሳይሆን የሁሉም ዕውቀት ይሆናል። በሴቶች ዶርምም እንዲሁ፤ እዚያ ችግሩ የለም የሚል ካለ እኅቶቻችንን አልጠየቀም።

3. የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ላጡ ሲኒየሮች አንድ ሐሳብ አለኝ። ከላይ የጠቀስኳቸው የጃፓን ተመራማሪዎች ሲትራል፣ ሲትሮኔላልና ጄራኒዮል የተባሉ መዓዛ ያላቸው ውሁዶች በትንሽ መጠን የአይሶቫሌሪክ አሲድን መመረት እንደሚገቱ አሳይተዋል። ሲትራል በብዛት ያለው የት ነው? በጠጅ ሳር ዘይት ውስጥ። ጠጅ ሳር ደግሞ በየጓሯችን አለ። ይህ ማለት ቅጠሉን ቆርጦ ጫማ ውስጥ መክተት ይሠራል ማለት አይደለም፤ ዘይትና ቅጠል አንድ አይደሉም። ግን የራሳችንን ተክል፣ ከራሳችን ዶርም በተገኘ ባክቴሪያ ላይ፣ በራሳችን ሌብ መሞከር እንችላለን። ናሙናው እንደሆነ ሞልቷል።

4. የአራተኛው ባለቤት እኛው ነን። በየክፍላችን የማታ 2 ሰዓት ሕግ እናውጣ። ሁሉም ያውልቅ፣ ሁሉም ያስጣ። ከእኛ ውስጥ የማይሸተው ሰው ስለሌለ ማንም አይለይ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ለማጠቃለል፣ ንጽሕናን አቃልዬ አላየሁም፤ ለማንም ጥብቅና አልቆምኩም። መታጠብ የሚችል ሰው ይታጠብ፣ ካልሲውን ይቀይር፣ ይህ ግዴታው ነው። የእኔ ክርክር በዶርም ውስጥ የሚበዛው ሽታ ካለመታጠብ ሳይሆን ካለመድረቅ የሚመጣ ነው፣ ለማድረቅ ደግሞ ቦታና ስምምነት ያስፈልጋል የሚል ነው። ቦታውን ትምህርት ክፍሉና ግቢው ይስጡን። ስምምነቱን እኛ እናምጣ። በዚህ የማትስማሙ በሚቀጥለው ዕትም ጻፉ፣ በደስታ አነባለሁ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ጫማችሁን ስታወልቁ የውስጥ ሶሉን ማውጣት አትርሱ።

ቸር እንሰንብት።